የክራንክ ሴንሰር ብልሽት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና የሞተር ዘንግ) ፍጥነትና አቀማመጥ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግረው ይህ ሴንሰር ነው። ምልክቱ ሲቋረጥ በብዙ መኪኖች ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ኢንጀክተሩም ነዳጅ አይረጭም።

«ፒ0335 ከወጣ ሴንሰሩ ተቃጥሏል»

ፒ0335 ስካነር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር ኮድ ነው። ኮዱ የሚለው ኮምፒውተሩ ከመስመሩ የሚጠብቀው ምልክት አልደረሰውም ብቻ ነው። መስመሩ ደግሞ ሶኬቱንም ሽቦውንም ይጨምራል። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከፑሊው ጀርባ ወይም ከፍላይዊሉ አጠገብ ስለሚታሰር ሶኬቱ ዘይትና ጭቃ አያጣውም። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅሎ ፒኖቹን ማየት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ነቅሎ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር መለካት፤ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። እየለኩ ሽቦውን ማወዛወዝ ያስፈልጋል፤ ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ካልነኩት ጤነኛ ይመስላል። «ቀይረን እንየው» የሚባለው ዘዴ ለሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

«ኦሙ ልክ ከሆነ ሴንሰሩ ደህና ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦም ትርጉም የሚኖረው በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ለሚሠራው፣ በተለምዶ 2 ሽቦ ላለው ሴንሰር ነው። እሱም ቢሆን ቀዝቃዛ ሳለ ልክ አሳይቶ ሲሞቅ ሊቋረጥ ይችላል፦ መኪናው መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ስለዚህ የሚለካው በጠፋበት ሰዓት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ሴንሰሩ ላይ ሲደረግ ሞተሩ ቶሎ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በውስጡ ኤሌክትሮኒክ ሰርኪት ያለው የሆል ሴንሰር በተለምዶ 3 ሽቦ አለው፤ በኦም መለካት ምንም አይነግርም፣ ሊጎዳውም ይችላል። ቁልፍ ተከፍቶ ኃይሉ (እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት) እና ኔጌቲቩ መድረሳቸው ይረጋገጥ። ከዚያ ክራንኩ በመፍቻ ቀስ ብሎ በእጅ ሲዞር የምልክቱ ሽቦ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ጥንቃቄ፦ 3 ሽቦ ያለው ሁሉ ሆል አይደለም። አንዳንዱ ባለማግኔት ሴንሰር ሦስተኛው ሽቦ ምልክቱን ከኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከልል ነው።

ኦስሲሎስኮፕ (ምልክቱን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ከዚህ ሁሉ ያርፋል። ሴንሰሩ የሚያነበው ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ቀለበት ነው፤ በቪትዝ 1ኤንዜድ ሞተር 34 ጥርስ፣ ቀጥሎ የ2 ጥርስ ክፍተት ይታያል። ሌላ ቦታ ክፍተት ከታየ የተጎዳው ጥርሱ ነው።

«ሞተሪኖው እያዞረ ስካነሩ 0 አርፒኤም ካሳየ ነገሩ አለቀ»

መጀመሪያ ባትሪው ቻርጅ ይደረግ። የባለማግኔቱ ሴንሰር ምልክት ፍጥነት ሲቀንስ ስለሚዳከም ሞተሪኖው ሲያዘግም ኮምፒውተሩ ላያየው ይችላል። በተቃራኒው 200 ገደማ ካነበበ ምልክቱ እየደረሰ ነውና ወደ ነዳጁና ወደ እሳቱ መሄድ ይሻላል።

«ፒ0016ም ያው የሴንሰር ኮድ ነው»

ይህ ክራንኩና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አልተጣጣሙም የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የረዘመ የታይሚንግ ሰንሰለት ወይም ጥርስ የዘለለ ቺንጋ ነው።

«አዲሱን ማሰር ብቻ ይበቃል»

ጫፉ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ካለ መቀመጫው ይጠረግ፤ ሴንሰሩ እስከ መጨረሻው ካልገባ ከጥርሱ ይርቅና ምልክቱ ይደክማል። ሆንዳን የመሳሰሉ መኪኖች ደግሞ ከቅያሬ በኋላ በስካነር የክራንክ ትምህርት (ኮምፒውተሩ የአዲሱን ሴንሰር ምልክት እንዲለምድ ማድረግ) ካልተሰጣቸው የእሳት መሳት ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ።