አዶፕሽን ፊ የውሻ ዋጋ ነው እንዴ?

ደሴ ላይ ቡችላ በብር መግዛት ብዙም አልለመደብንም፣ የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ሄዶ አንዱን ታቅፎ መምጣት ነው፣ ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመድ ከተጣሉ ውሾች መጠለያ ውሻ ለማምጣት 300 ዶላር "አዶፕሽን ፊ" ከፈልኩ ሲል "የተጣለ ውሻም ይሸጣል እንዴ አቦ!" እንላለን። አብሽሩ፣ ሽያጭ አይደለም። አዶፕሽን ፊ የሚባለው መጠለያው ላወጣው ወጪ መደጎሚያ ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ እንዳይወልድ የሚደረግለት ኦፕራሲዮን፣ ብዙ ጊዜም ቆዳው ስር የምትገባ መለያ ቺፕ፣ ቀለቡ ሳይቆጠር ማለት ነው። አንዳንዱ እግሩ ተሰብሮ ነው የሚገባው፣ የሱ ህክምና ከክፍያው በላይ ይሄዳል፣ ቡችላ ደሞ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ብዙ ቦታ ክፍያው ከፍ ይላል፣ በዛ ብር ያረጀው ውሻ ወጪ ይሸፈናል። እኔ ፌር ነው ባይ ነኝ። ግን ሳይከተብ፣ ሀኪም ሳያየው ይሄን ያህል አምጡ ካሉ እሱ ንግድ ነው፣ የክትባት ወረቀቱን ጠይቁ። የኛ "ነፃ" ቡችላም ቢሆን 3 ወር ሲሞላው መከተብ አለበት፣ ሴት ከሆነች ደሞ እርግዝናዋ 2 ወር ገደማ ብቻ ነው፣ ሳታስቡት ሸዋ በር ድረስ ቡችላ ስታድሉ ትገኛላችሁ።