ቲቪው ጠቆረ እንጂ አልሞተም፦ ስለ ጠቆረ ስክሪን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቲቪ ሲጠቁር ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ «ስክሪኑ ሄዷል» ይላል። ሌላው ሪሞቱን ይወነጅላል። ጎረቤት ደግሞ «የኛም እንዲህ አድርጎ ነው የቀረው» ብሎ ተስፋ ያስቆርጣል። ትንሽ ቆይቶ ቲቪው ወይ ዕቃ ቤት ገብቷል፣ ወይ ለቁራሌው በማይረባ ገንዘብ ተሽጧል።

ችግሩ «ጠቆረ» የምንለው ነገር አንድ ብልሽት አለመሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ቲቪ ይጠቁራል። ኤሌክትሪክ ደርሶት ከኋላ የሚያበራለት መብራት የተቃጠለበትም ይጠቁራል። እሱ ራሱ ምንም ሳይሆን ሪሲቨሩ ምስል ያልላከለትም ይጠቁራል። ሦስቱም ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው አንድ ናቸው። ወጪያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በየቤቱ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። በቃ፣ ስክሪኑ ሞቷል»

ብዙ ደህና ቲቪ የተጣለው በዚህ አባባል ነው።

ኤልሲዲ የሚባለውም፣ «ኤልኢዲ ቲቪ» ተብሎ የሚሸጠውም ስክሪኑ በራሱ ብርሃን አያወጣም። ስክሪኑ የሚሠራው ብርሃን ማሳለፍና መከልከል ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከጀርባው ወይም ከጠርዙ ላይ ከተደረደሩ ትናንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ነው። ጠጋኞች ባክላይት ይሉታል። ባክላይቱ ሲጠፋ ምስሉ እዚያው ስክሪኑ ላይ አለ። እኛ ግን አናየውም።

ይሄን ቤት ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፉ። ቲቪውን አብሩና በሪሞቱ ሜኑ ክፈቱ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑ አጠገብ በሰያፍ ያዙት፣ ቀስ እያላችሁም ቦታ ቀያይሩ። ደብዛዛ ጽሑፍ ወይም የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ከታያችሁ ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ፣ በሕይወት አለ፣ የጠፋው ባክላይቱ ነው። አንዳንዱ ስክሪን ላይ ቶሎ አይታይም፣ ስለዚህ አንዴ ሞክራችሁ አትተዉት።

ሌላም ምልክት አለ። ቲቪው ሲበራ ስክሪኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ይሄ ማለት ባክላይቱን የሚነዳው ክፍል አንድ ችግር አይቶ ራሱ አጥፍቶታል ማለት ነው።

ለምን አንድ ጥግ ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይጨልማል? ኤልኢዲዎቹ በአንድ መስመር ተከታትለው ስለተያያዙ ነው። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ አንዷ ከተቃጠለች መስመሩ ይቋረጣል፣ ደህና የነበሩትም አብረው ይጠፋሉ። የሳንቲም ዋጋ ያላት አንዲት ኤልኢዲ ትልቅ ቲቪ ታጨልማለች።

ጥገናው ስትሪፕ የሚባሉትን የኤልኢዲ ዘንጎች መቀየር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጠጋኙ የተቃጠለችውን አንዷን ብቻ ልቀይር ካላችሁ ሁሉንም እንዲቀይር ጠይቁት። የቀሩትም እኩል አርጅተዋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላዋ ትከተላለች። ሁለተኛ፣ ስትሪፑ ጋ ለመድረስ ፓነሉ መነሳት አለበት። ፓነሉ ስስ መስታወት ነው፣ ጠርዙ ላይም በቀላሉ የሚቀደዱ፣ ሪባን የሚባሉ ስስ ጠፍጣፋ ገመዶች አሉት። ስለዚህ ይሄ ሥራ ዩቲዩብ አይቶ ምንጣፍ ላይ የሚሞከር አይደለም። በርካሽ ጠጋኝ እጅ ደህና ፓነል መሰንጠቁም የተለመደ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት «ፓነሉ ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከተሠራ በኋላ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባክላይት የሚለውን ቀንሱት። ብዙ ቲቪ ገና ከሱቅ ሲወጣ ደምቆ እንዲታይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ኤልኢዲን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሙቀቱ የሚመጣው ደግሞ ከድምቀቱ ነው። ለአንድ ተራ ሳሎን ግማሽ ገደማ ይበቃል። ቲቪው ገና ደህና ሳለ ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ የሚጠቅመው ግን ያኔ ነበር።

በእውነት ፓነሉ የሞተበት ጊዜም አለ። መስታወቱ ላይ ስንጥቅ፣ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር እድፍ፣ ወይም የማይጠፉ መስመሮች ካሉ ተስፋ አታድርጉ። የፓነል ዋጋ ወደ አዲስ ቲቪ ዋጋ ይጠጋል። ኦሌድ ቲቪ ያላችሁም የባትሪውን ሙከራ ተዉት። ኦሌድ ባክላይት የለውም፣ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ነው የሚያበራው።

«ቀዩ መብራት በርቷል፣ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ችግር የለበትም»

ቀዩ መብራት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለስታንድባይ፣ ማለትም ቲቪው ጠፍቶ ሪሞት ለሚጠብቅበት ጊዜ፣ የሚሆነው ትንሽ ኃይል አለ። በብዙ ቲቪ ላይ ይሄ 5 ቮልት ገደማ ነው። ዋናው ቦርድ ለብቻው፣ ባክላይቱም ለብቻው ከዚያ በላይ ቮልት ይፈልጋሉ። ኃይሉን የሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ ትንሿን ሰጥቶ ትልልቆቹን ሊነሳ ይችላል። ያኔ ቀዩ ይበራል፣ ቲቪው አይነሳም።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ዝም ብላችሁ አትዩት፣ ቁጠሩት። በብዙ ሞዴሎች ላይ የብልጭታው ቁጥር የብልሽት ኮድ ነው። ሦስቴ ብልጭ ብሎ ማረፉና ስድስቴ ብልጭ ብሎ ማረፉ ለየቅል ነው። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ለጠጋኙ አሳዩት።

«መታ መታ ሲደረግ ይነሳል»

የአባቶቻችን ልማድ ነው፣ መሠረትም ነበረው። ጀርባው ትልቅ የነበረው የድሮ ቲቪ ውስጥ ብየዳዎች በሙቀት ይሰነጣጠቁ ነበር። ሲመታ ለጊዜው ይገናኛሉ። የዛሬው ግን ስስ መስታወት ነው። ተዉት።

«ኃይል አንሶ ነው ያቃጠለው»

መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚባል ነው። የቲቪያችሁን ጀርባ አንብቡ። አብዛኛው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ታያላችሁ። ይሄ ማለት የኛ 220 ወደ 160 ቢወርድም ቲቪው ይሠራል ማለት ነው። ኃይል ሲያንስ የሚጨነቀው የፍሪጁ ሞተር ነው።

ቲቪን የሚያቃጥለው ኃይል ሲበዛ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ለቅጽበት የሚዘል ኃይል አለ። ከዚያ የባሰው ግን የኑትራል፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ መቋረጥ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሦስት መስመሮች እርስ በርስ 380 ቮልት አላቸው። ቤታችን 220 የሚያገኘው ከአንዱ መስመርና ከኑትራሉ መካከል ነው። ኑትራሉ ፖል ላይ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሚዛኑ ይጠፋል። የአንዱ ቤት መብራት ይደበዝዛል፣ የጎረቤቱ ደግሞ ከልክ በላይ ይደምቃል። የደመቀው ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል። አንድ ሰፈር በአንድ ምሽት ቲቪ፣ ሪሲቨርና ቻርጀር ሲቃጠልበት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። አምፖላችሁ በድንገት ከተለመደው በላይ ከደመቀ ደስ አይበላችሁ። ሮጣችሁ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አውርዱ።

ስታብላይዘር አለኝ የሚል ሰው አለ። ስታብላይዘር ይጠቅማል፣ ግን ርካሾቹ ቀስ ብለው ነው የሚቀያይሩት። ቅጽበታዊውን ዝላይ አይቀድሙትም። መብረቅን ደግሞ ማንም አይችለውም። መብረቅ በዲሹ ኬብል ጭምር እንደሚገባም አትርሱ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱንም የዲሹን ኬብልም መንቀል የሚሻለው ለዚህ ነው። በሪሞት ማጥፋት መንቀል አይደለም።

ኃይል በዝቶበት ጭራሽ የጠፋ፣ ቀዩ መብራት እንኳ የሌለው ቲቪ ብዙ ጊዜ ቀላል ጥገና ነው። በበርካታ ፓወር ቦርዶች መግቢያ ላይ ቫሪስተር የሚባል ነገር አለ። ኃይል ሲበዛ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ፊውዙን ያቃጥላል። ሁለቱን ቀይሮ የተነሳ ቲቪ ብዙ ነው። ፊውዙን ግን በሽቦ የሚጠመጥምላችሁ ጠጋኝ ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን ቦርዱ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ቲቪ ካላችሁ ደግሞ ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቀጥታ 220 ላይ አይሰካም፣ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ከዱባይ የመጣው በዚህ በኩል አያሰጋም።

«ምስል ከሌለ ዲሹ ዞሯል»

አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» ይላል። ከታች «አልመጣም!» ይባላል። ከዚያ በፊት አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ነገር አለ፦ የሪሲቨሩን ሪሞት አንሱና ሜኑ ተጫኑ።

የሪሲቨሩ ሜኑ ስክሪኑ ላይ ከመጣ ቲቪውም፣ ኤችዲኤምአይ ኬብሉም፣ ሪሲቨሩም ደህና ናቸው። ያኔ ጥፋቱ ከዲሹ፣ ከኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ወይም ከቻናሉ ነው፣ ጣሪያ ላይ መውጣትም ትርጉም አለው። ሜኑው ካልመጣና ቲቪው ራሱ «ኖ ሲግናል» ካለ ግን ዲሹን አትንኩ። ቲቪው ደህና ነው፣ ከሪሲቨሩ ምንም አልደረሰውም ማለት ነው። ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ትክክለኛውን ኤችዲኤምአይ ምረጡ። ልጆች ሪሞት ሲነካኩ የሚቀየረው እሱ ነው። ካልሆነ ኬብሉን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ ቀይሩ።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። ሪሲቨሩ የሚልከው የምስል ዓይነት ቲቪው የማይቀበለው ሲሆን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ አንዳንዴም መልእክት እንኳ አይታይም። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ ቲቪዎች በተለይ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ ምስል፣ አይቀበሉም። እኛ አገር ሪሲቨሮች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በ50 ተስተካክለው ነው። ሰውየው «ከአሜሪካ ድረስ አስመጥቼ የተበላሸ ላኩልኝ» ይላል፣ ቲቪው ግን ምንም አልሆነም። ሪሲቨሩን ሌላ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ የምስሉን ፎርማት ወደ 60 ኸርዝ ቀይሩትና መልሱት። አንዳንድ የሪሲቨር ሪሞት ላይ ቪ ፎርማት የሚል ቁልፍ አለ፣ በጭፍንም ቢሆን እየጠበቁ ደጋግሞ መጫን ይሠራል።

ድምፁ መጥቶ ምስሉ የሚጠቁረው በአንዳንድ ቻናሎች ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሪሲቨሩ አርጅቷል። የድሮ ሪሲቨር ኤምፔግ 4 በሚባለው አዲሱ የምስል መጭመቂያ ዘዴ የሚተላለፍን ቻናል ድምፁን እንጂ ምስሉን መፍታት አይችልም። አሮጌ ሪሲቨር ብዙ ሰው ያስቸገረው ቻናሎቻችን ከናይልሳት ለቀው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኢትዮሳት በሄዱ ጊዜ ነበር። ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ አሮጌው ሪሲቨር ግን አልተከተለም፣ ስድቡን ደግሞ ቲቪው ጠጣው።

«ነቅሎ መሰካት የማያውቅ ሰው ዘዴ ነው»

አይደለም። የዛሬ ቲቪ ውስጡ ኮምፒውተር ነው፣ ይደርቃል። በሪሞት ስታጠፉት ስታንድባይ ላይ ስለሚቆይ የደረቀው እንደ ደረቀ ይቀራል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቲቪው ላይ ያለውን ማብሪያ ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ነቅሎ ወዲያው መሰካት የትም አያደርስም፣ የተጠራቀመው ኃይል ገና አልወጣም።

ግን በየቀኑ እየነቀላችሁ የምታስነሱት ከሆነ፣ ወይም ለመነሳት ከቀን ወደ ቀን እየዘገየ ከመጣ፣ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ፓወር ቦርዱ ላይ ያሉ፣ ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ደክመዋል። አናታቸው አብጦ በዓይን ይታያል። በጊዜ ከተቀየሩ ጥገናው ርካሽ ነው።

«ከተነቀለ በኋላ ከፍቶ መነካካት ምንም አያደርግም»

ያደርጋል። ፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሲሠራ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይሉ እዚያው ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ ቦርዱ ተበላሽቶ የሚጨርስለት ነገር ከሌለ። በድሮው ባለ ቱቦ ቲቪ ደግሞ ይብሳል። ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከተነቀለም በኋላ ጥሎ የሚመታ ኃይል ያስቀራል። ያበጠ ካፓሲተር ለማየት ብላችሁ የኋላ ክዳኑን ከከፈታችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ በዓይናችሁ ብቻ እዩ፣ ፎቶ አንሡና ለጠጋኙ ላኩለት።