የአደን ጠመንጃ ጥይት ሲበትን፦ በወሎ ደጋና ቆላ

«ጠመንጃው ሳተ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዳንዴ ጥይቶቹ ተጠጋግተው ያርፋሉ፤ ያረፉበት ቦታ ግን ከታለመው ወጣ ያለ ነው። ይህ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን ይሄዳል። ይኼ መበተን ነው። መበተንን ማነጣጠሪያ በመነካካት ማዳን አይቻልም። ብዙ ሰው ግን በሳተ ቁጥር ማነጣጠሪያውን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ችግሩ ከየት እንደመጣ ጭራሽ ይጠፋበታል።

ወሎ ውስጥ ጠመንጃ የቆየ ታሪክ አለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርሰውን ሲናድር ይዞ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተዋግቷል። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና ማውዘር ከዚያ በኋላ መጡ። ስማቸው እስከ ዛሬ በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥራ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጥቁር ባሩድ ይሠራ ነበር። ለበን እ.ኤ.አ. በ1886 ሲወጣ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ጭስ አልባ ባሩድም ይዞ መጣ። ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ ጠመንጃ ሲበትን እንግዲህ መጀመሪያ የሚታሰበው ዕድሜው ነው።

ዛሬ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። የዱር አራዊት አደንም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ፣ የጭላዳና የምኒልክ ድኩላ መኖሪያ ነው፤ እዚያ ማደን የለም። ፈቃድ ያለው አዳኝም ቢሆን የሚበትን ጠመንጃ ይዞ መውጣት የለበትም። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ገብቶ ለቀናት ይሠቃያል። ለዚህ ጉዳይ ብዙ ቦታ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው «በተነ» የሚያሰኘው? ደህና የአደን ጠመንጃ በ100 ሜትር ርቀት ጥይቶቹን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበስባል። በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ አሮጌ የጦር ጠመንጃ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሰበስብ አይወቀስም። በሦስት ጥይት ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። ሦስቱ በአጋጣሚም ሊጠጋጉ ይችላሉ። አምስት አምስት እየተኮሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይሻላል።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ቀጥሎ የሚታየው ብሎን ነው። የብረቱን አካል ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በተኩስ ምት ቀስ በቀስ ይላላሉ። አንድ ብሎን ሩብ ዙር ብትላላ እንኳ ብረቱ በየተኩሱ የተለየ ቦታ ይቀመጣል። መነጽር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) የተገጠመለት ከሆነ የመነጽሩ ማቀፊያዎችም እንዲሁ ይታዩ። ብሎኖቹ ጠብቀውም መበተኑ ካልቆመ መነጽሩን አውልቆ በብረት ማነጣጠሪያው መሞከር ነው። ያኔ ጥይቱ ከተሰበሰበ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው። ውስጡ የተሰበረ መነጽር ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል።

ብሎኑ ደህና ከሆነ ወደ እንጨቱ ነው። ለወሎ ሰው ትልቁ ነጥብ ይኼ ይመስለኛል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቅርቧ ሆና 1,850 ገደማ ላይ ትገኛለች። ክረምቱን ደጋ ላይ እርጥበት ሲጠጣ የከረመ እንጨት ያብጣል። ያንኑ ጠመንጃ በጥቅምት ይዘውት ባቲ ቢወርዱ እንጨቱ ይደርቅና ይጣመማል። ሲጣመም በርሜሉን ከጎን ይገፋዋል። በርሜል በተተኮሰ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ እንጨት ሲነካው መንቀጥቀጡ ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ አንድ የብር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብቶ ወደ ኋላ መሳብ። ኖቱ የሚይዝበት ቦታ እንጨቱ የሚነካበት ነው። በአደን ጠመንጃ ላይ ያንን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ማሸት ይቻላል። በማውዘርና በምንሽር ላይ ግን አይቸኮል። ከድሮ የጦር ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ እንጨታቸው በርሜሉን እንዲነካ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እነሱን መላጨት ማበላሸት ነው። ለሁሉም የሚበጀው የእንጨቱን ውስጥና ውጭ ዘይት ማጠጣት ነው።

አንዳንዱ ሰው የከፍታውን አየር ይከስሳል። ልክ ነው፣ ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጥይት እዚያ ትንሽ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በሩቅ ርቀት ከፍ ብሎ ያርፋል። ግን ይህ ሁሉንም ጥይት እኩል ነው የሚያነሣው። አየር አይበትንም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጥይቱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ጥይት በአንድ ካዝና ውስጥ ይገባና ጠመንጃው ይወቀሳል። የቀለሁ (ባሩዱን የያዘው ቀፎ) ግርጌ ላይ ያለውን ማኅተም ማየት ነው። ፋብሪካው ወይም ዓመቱ ከተለያየ የባሩዱ ኃይልና የአረሩ (ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው ክፍል) ክብደትም ይለያያል። ክረምቱን እርጥብ ቤት ያሳለፈ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይትም አንድ ዓይነት አይተኮስም። አንድ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ አለ። ለበን፣ የኦስትሪያው ምንሽርና የጀርመኑ ማውዘር ሁሉም «ስምንት ሚሊ ሜትር» ይባላሉ፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። በግድ ማጉረስ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ካለም መክፈት አይገባም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ቆሻሻም ጥይትን ይበትናል። የአረሩ መዳብ እየተላጠ አረሩን የሚያሽከረክሩት ጥምዝ ቦዮች ውስጥ ይጋገራል። በመዳብ ማስለቀቂያ ፈሳሽ የተነከረ ጨርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳቡ ገና አላለቀም። የድሮ ጥይቶች ማቀጣጠያ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱም ይዝጋል። ጨውን ዘይት ብቻውን አያወጣውም። በርሜሉ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባል። ለተኩስ ሲወጣ ደግሞ ዘይቱ ይወልወል፤ ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት ሌላ ቦታ ይጥላታል። ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል እያስገቡ መወልወልም የራሱ ጉዳት አለው። የአፈሙዙ ጫፍ በአንድ ጎን ከተበላ ጋዙ አረሩን ከአንድ ወገን ቀድሞ ይገፋዋል። በጥጥ ጫፉን ዙሪያውን ነካ ነካ ሲያደርጉት ጥጡ ከተያዘ እዚያ ጋ ጉዳት አለ።

በርሜል ሲግልም ይበትናል። ቀጭን በርሜል ከሦስት ከአራት ጥይት በኋላ ይግልና ጥይቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሸሹ ይሄዳሉ። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ለአዳኝ ዋናዋ ጥይት በቀዝቃዛ በርሜል የምትተኮሰው የመጀመሪያዋ ናት። በተለያየ ቀን የተተኮሱትን የመጀመሪያ ጥይቶች በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቦ ማየት ብዙ ይናገራል።

ተኳሹም ይፈተሽ። በርሜሉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ መተኮስ የተለመደ ነው፤ ግን ብረት ከድንጋይ ላይ ይነጥራል። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ላይ እንጨቱን ማሳረፍ ይሻላል። ቃታ ሲስቡ መደንገጥም አለ። ጓደኛ ከተኳሹ ደብቆ አንዳንዴ የተተኮሰ ቀለህ ያጉርስለት። ባዶው ላይ ቃታ ሲሳብ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የትከሻና የጣት ነው። ይኼ ጉልበት ሳይሆን ልምምድ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ግድ ነው። ብሎን አጥብቆ፣ ጥይት ለውጦ፣ በርሜል ወልውሎ በአንድ ቀን የሞከረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ የመጨረሻው ምልክት ወረቀቱ ላይ ይታያል። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ አረሩ በጎኑ እየተንከባለለ ነው የሚደርሰው። ወይ ጥይቱ የዚያ ጠመንጃ አይደለም፣ ወይ ቦዮቹ ተበልተው አልቀዋል። ጥይቱ ትክክለኛው ሆኖ ቀዳዳው ያው ሞላላ ከሆነ በርሜሉ አርጅቷል። ያንን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የአያትን ታሪክ ለልጅ ማውራት ይቻላል፤ አደን ይዞት መውጣት ግን አይቻልም።