ድሮን ስለማብረር በጣና ዳር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን አፍ፣ የዘጌን ደን ወይም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱን የዓባይ ድልድይ ከሰማይ በተነሣ ምስል ያየ የባሕር ዳር ወጣት «እኔም አንድ ድሮን ቢኖረኝ» ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔም በዚሁ ምኞት ነው የጀመርኩት። ይሁን እንጂ ካሜራ ይዘው ከሚሠሩ ወዳጆቼም ሆነ ገና ሊገዙ ከሚያስቡ ልጆች ደጋግሜ የምሰማቸው አንዳንድ አባባሎች ንብረትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም አደጋ ላይ የሚጥሉ ስለሆኑ፣ አንድ በአንድ እያነሣሁ የማውቀውን ልጽፍ ወደድሁ።

«ለመዝናኛ እስከሆነ ድረስ ፈቃድ አያስፈልግም።»

ያስፈልጋል። በአገራችን ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ዓላማው ሠርግ መቅረጽ ይሁን የእሑድ ከሰዓት ጨዋታ፣ ያለ ፈቃድ አብርር የሚል ሕግ የለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅም ቦሌ ጉምሩክ ላይ ዕቃው እንደሚያዝበት ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻለዋል። ይህ ጥንቃቄ የእኛ አገር ብቻ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ፣ ያለ አብራሪ የሚበር አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ግዛት ላይ እንዳይበር ይከለክላል። አብራሪ የሌለበት በራሪ ያለ ፈቃድ አይነሣም የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከድሮን ገበያ እጅግ የቀደመ ነው።

«ከ250 ግራም በታች የሚመዝን ድሮን ሕጉ አይመለከተውም።»

ይህ ከአሜሪካ ቪዲዮዎች የተቀዳ ነው። በዚያ አገር ለመዝናኛ ብቻ የሚበርና ከ250 ግራም የማይበልጥ ድሮን ከምዝገባ ነፃ ነው፤ ከማብረሪያ ደንቦቹ ግን ነፃ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ካሜራ ካለው፣ አሻንጉሊት እስካልሆነ ድረስ፣ ቢቀልም ባለቤቱ ይመዘገባል። ብዙዎች የሚጠቅሱት የ120 ሜትር የከፍታ ጣሪያም የእነዚያው አገሮች ደንብ ነው። እንደ ልማድ መያዙ መልካም ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ግን እንደ ፈቃድ አያገለግልም።

«መተግበሪያው ካልከለከለኝ ቦታው ክፍት ነው ማለት ነው።»

ድሮኑን በምናዝበት የስልክ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ካርታ የአምራቹ መሣሪያ እንጂ የአገር ሕግ አይደለም። ትልቁ አምራች ዲጄአይ እንኳ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ በተከለከሉ ቦታዎች ድሮኖቹን በራሱ ማገዱን ትቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ ማሳየት ሲጀምር፣ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ለአብራሪው መልሶለታል። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከሐይቁም ብዙ ሳይርቅ እንደሚገኝ፣ ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላንም ዝቅ ብሎ እንደሚያልፍ የሐይቅ ዳር ነዋሪ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። አውሮፕላን ሲመጣ ድሮኑን ቶሎ አውርጄ አሳርፋለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ዓይን ስክሪን ላይ ተተክሎ ሳለ የሞተሩ ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። የቤዛዊት ቤተ መንግሥት፣ ድልድዮቹ፣ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎችና የጸጥታ ኃይሎች ያሉባቸው ቦታዎችም ካርታው ቀይ ቀባቸውም አልቀባቸውም ያለ ግልጽ ፈቃድ አይቀረጹም።

«ሐይቅ ላይ ሰው ስለሌለ ከሁሉ የተሻለው መለማመጃ ውኃው ነው።»

ከሁሉም በላይ ሰዎችን የሚያስከፍለው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ16 በመቶ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሞተሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መሽከርከር፣ ባትሪውም የበለጠ መክፈል አለበት። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ ነፋስ በሌለበትና ዝቅ ባለ ቦታ የተለካ ነው፤ እዚህ እንደተጻፈው አይገኝም። ከዚያም ነፋሱ አለ። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ ጀልባ ነጂዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። በነፋስ ጀርባ እየተገፋ በደቂቃዎች ውስጥ ርቆ የሄደ ድሮን፣ ሲመለስ ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚገጥም ለመሄጃው ከጨረሰው ባትሪ እጅግ የሚበልጥ ይፈልጋል። ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር ደግሞ ከሆዱ ሥር ያሉት ዳሳሾች የሚያብረቀርቀውንና የሚንቀሳቀሰውን ገጽ እንደ መሬት በትክክል ሊያነቡት ስለማይችሉ፣ ከፍታውን ተሳስቶ ወደ ውኃው ሊወርድ ይችላል።

ወደ መነሻ መመለሻው ቁልፍ ያድነኛል የሚለው እምነትም እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፈቃድ ወጥቶለት በተሠራ ቀረጻ፣ ከዘጌ ወደ ክብራን ደሴት በሞተር ጀልባ ስንሄድ ድሮኑን ያስነሣሁት ከጀልባዋ ላይ ነበር። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ድሮኑ እንደታዘዘው ዞሮ ወደ መነሻው በረረ፤ ነገር ግን የመዘገበው መነሻ ጀልባዋን ሳይሆን ከአሥር ደቂቃ በፊት የነበርንበትን ውኃ ነበር። ጀልባ ነጂው፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ መሪውን አዞሩ። ስንቀርብ ግንኙነቱ ተመለሰልኝ፤ በእጄ ስቀበለው ባትሪው 11 በመቶ ላይ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ይህን ነገር በጠዋት ነበር የምትሠራው፤ አሁን እኮ ማዕበሉ ሊነሣ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጀልባ ከሆነ የማስነሣው መነሻ ነጥቡን በየጊዜው ማደስ እንደሚቻል አረጋግጬ፣ ጀልባዋንም አስቁሜ ነው።

ውኃው ላይ ሰው የለም የሚለውም ቢሆን እውነት አይደለም። በደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን የሚስብ ዓሣ አስጋሪ ከላዩ የሚጮህ ነገር በድንገት ሲመጣበት ቀና ሲል ሚዛኑን ሊስት ይችላል። በዳርቻው ደንገል ውስጥ የሚፈለፍሉ ወፎች ከእንቁላላቸው ላይ ይነሣሉ፤ ንስር ደግሞ ግዛቴን ደፈረ ብሎ ድሮኑን ይመታል። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው።

«እኔ አይደለሁም ያበረርሁት፤ ጓደኛዬ ነው።»

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ድሮንም ባለሞተር ማሽን ነውና ላልሠለጠነ ጓደኛ ማዋስ ከኃላፊነት ያወጣኛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በዚያው ሕግ ቁጥር 27 መሠረት የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት እንደማይቻልም ልብ ይሏል፤ በግቢዋ ልብስ የምታሰጣ እናት ከላይ ስለተቀረጸች ይህ መብቷ አይቀርባትም።

«ፈቃዱ እጄ ላይ ካለ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም።»

ወረቀቱ ማብረር እንደምትችል ይናገራል እንጂ ከታች ያለው ሰው መስማማቱን አይናገርም። ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም መሆኑን የሚያውቅና የሚያከብር ሰው፣ በካሜራ ከላይ ሆኖ ግቢውን ማየት ያንኑ ደጅ ሳያንኳኩ ማለፍ መሆኑን እንዴት እንደሚዘነጋው ይገርመኛል። መነኮሳቱ ከዓለም ርቀው የመጡት ለጸሎትና ለጽሞና ነው። አስቀድሞ አበምኔቱን፣ በደብርም ከሆነ አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ፣ የቅዳሴን ሰዓት ጨርሶ መተው፣ በጥምቀትና በመሳሰሉት በዓላት ከሕዝብ ራስ በላይ አለማብረር የግድ ነው፤ የሚሽከረከረው ምላጭ በሕፃን ፊት ላይ ቢያርፍ ይቅርታ አያድነውም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላም ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን «ድሮን» የሚለው ቃል ከጦርነት ጋር ተያይዞ በብዙ ቤት ሐዘን ጥሏል። እኛ የመዝናኛ መሣሪያ መሆኑን የምናውቀው ጩኸት ለአንዲት የገጠር እናት ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤት እንድትሮጥ የሚያደርግ ድምፅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ድንጋጤ የሚለካ የፈቃድ ቅጽ የለም፤ ሊለካው የሚችለው መቆጣጠሪያውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በዘጌ ዳርቻ ፈቃዱን ይዤ፣ መሣሪያውንም ዘርግቼ ሳለሁ አንድ አባ ቀርበው ወረቀቱን በትዕግሥት አነበቡልኝና፣ «ልጄ፣ ወረቀቱስ መልካም ነው፤ ግን ሰዉ ድምፁን ሲሰማ ይረበሻል፤ ዛሬ ይቅርብን» አሉኝ። ባትሪውን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስሁት፤ የቀረውን ቀረጻ ከመሬት በትራይፖድ ጨረስነው።