የለስላሳ ቁስ ሜሶስኮፒክ ሲሙሌሽን

ሜሶስኮፒክ ሲሙሌሽን ከአተም በላይ፣ በዓይን ከሚታየው በታች ባለ መጠን የሚካሄድን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የማስላት ዘዴ ነው። በብዛት የሚያገለግለው በትንሽ ግፊት ወይም ሙቀት ቅርጻቸው ለሚለወጥ ለስላሳ ቁሶች ነው፦ ወተት፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ቀለም፣ ደም።

ጎጃም ውስጥ ጥሩው ምሳሌ የክረምት ውሃ ነው። ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይ በሐምሌና በነሐሴ አፈር ተሸክሞ ጣና ይገባል። ድፍርሱን ቀድተው በባልዲ ቢያሳድሩት አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ሸክላ ግን ለቀናት ሳይወርድ ይቆያል። የሸክላ ቅንጣት ከ2 ማይክሮሜትር ያንሳል። ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የውሃ ሞለኪውሎችም ያለማቋረጥ እየመቱ ያንከራትቷቸዋል። አሉም (ውሃ ማጥሪያ ጨው) ሲጨመር መገፋፋቱ ይዳከምና ቅንጣቶቹ ተያይዘው፣ ከብደው ይወርዳሉ።

ይህን አተም በአተም ማስላት የማይታሰብ ነው። ጎኑ 1 ማይክሮሜትር በሆነ የውሃ ኩብ ውስጥ ብቻ 33 ቢሊዮን ገደማ ሞለኪውል አለ። የስሌቱ አንድ እርምጃ ደግሞ 1 ፌምቶሴኮንድ ያህል ስለሆነ 1 ሴኮንድ ለመሙላት አንድ ሺህ ትሪሊዮን እርምጃ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚጣለውን ጥሎ የማይጣለውን መያዝ ግድ ነው፤ የዘርፉ ጥበብም እዚህ ላይ ነው።

ሆገርብሩገና ኩልማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ዘዴ ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች በአንድ እንክብል ይወከላሉ። በእንክብሎቹ መካከል ለዘብ ያለ መገፋፋት፣ ፍጥነትን የሚገታ ሰበቃ እና የሙቀትን ንዝረት የሚተካ የዘፈቀደ ግፊት አለ። እስፓኞልና ዋረን በ1995 ሰበቃውና የዘፈቀደው ግፊት በምን ልክ ቢመጣጠኑ ሙቀቱ እንደሚጸና አሳዩ። ኃይሎቹ ሁሉ በጥንድ፣ እኩልና ተቃራኒ ሆነው ስለሚሠሩ የሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ድምር አይጎድልም። የዘዴው ትልቁ ብርታት ይህ ነው፤ ሞመንተም ካልተጠበቀ አንድ የሸክላ ቅንጣት ሲወርድ የሚያስነሳው ፍሰት ጎረቤቱ ዘንድ በትክክል አይደርስም። ውሃውን በሰበቃና በዘፈቀደ ግፊት ብቻ የሚተካው ቀላሉ ዘዴ፣ ብራውኒያን ዳይናሚክስ፣ የሚሸነፈው በዚሁ ነው። ላቲስ ቦልትዝማን የሚባለው ሌላው ዘዴ ፈሳሹን በመረብ ላይ ያሰላል፤ ሞመንተሙንም ይጠብቃል።

የሚከፈል ዋጋ አለ። አሉሙ በሸክላው ገጽ ላይ የሚፈጥረውን ኬሚስትሪ እንክብሎቹ አያውቁትም፤ የመሳሳቡ መጠን ከሙከራ ወይም ከአተም ደረጃ ስሌት ተገኝቶ ይሰጣቸዋል። ላምፕስ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ስለሚገኝ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ ትንንሾቹን ስሌቶች በላፕቶፑ መሥራት ይችላል። ማመሳከሪያውም ቅርብ ነው፦ የግልገል ዓባይን ድፍርስ በብርጭቆ አቁሞ፣ አሉሙን እየለካ ጨምሮ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠራ መመዝገብ።