«በሽፋን ሥር» መሥራት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ከሚከራከሩ ሰዎች መሀል አንዱ «ጀግናው ተራ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሁን እንጂ በሽፋን ሥር የሚሠራ መርማሪ ነው» ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ማስረገጫው ይህ ነበር፦ ማንነቱን ደብቋል፤ ከሕገ ወጦቹ ጋር በልቷል፣ ጠጥቷል፤ የሴራውን ሥር ደርሶበታል። ታዲያ ምን ቀረው?

ዋናው ቀረው። ይህንኑ ስሕተት በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ አልፎ ተርፎም የሕግ ተማሪ በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ስሕተቱ የሚጀምረው «ሽፋን» ስንባል ጭምብል ስለሚታየን ነው፤ የውሸት ስም፣ የውሸት ጢም፣ የውሸት ታሪክ። ነገር ግን አማርኛችን ለዚህ ቃል ሌላም ቤት ሰጥቶታል። መኪና ያለው ሰው ሁሉ «የሦስተኛ ወገን ሽፋን አለህ ወይ?» ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል። ያ ሽፋን ፊት አይደብቅም፤ እንዲያውም ትራፊክ ፖሊሱ እንዲያየው መስታወት ላይ ይለጠፋል። ጉዳት ሲደርስ ከኋላህ ማን እንደቆመ የሚናገር ወረቀት ነው። በሽፋን ሥር የሚደረግ ምርመራም ከጭምብሉ ይልቅ የሚቀርበው ለዚህ ወረቀት ነው። ሥልጣን ያለው አካል አስቀድሞ ወስኗል፤ ማን ላይ፣ ስለ የትኛው ወንጀል፣ እስከ መቼ፣ ምን ድረስ የሚለው ተለይቷል፤ ሪፖርቱን የሚቀበለው አለቃ ይታወቃል። ከዚህ በኋላ መርማሪው የተሰረቀ ቦርሳ ከሌቦቹ ጋር ቢሸከም ሕጉ ሥራው ነው ይላል። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 68 በሕግ የታዘዘ ወይም የተፈቀደ ድርጊት ወንጀል እንደማይሆን ይደነግጋል። ወረቀቱ የሌለው ሰው ያንኑ ቦርሳ ቢሸከም ግን ተሸካሚ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጆሴፍ ፒስቶንን እንውሰድ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረባ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1976 «ዶኒ ብራስኮ» የተባለ የጌጣጌጥ ሌባ ሆኖ ወደ ኒው ዮርክ ማፊያ ገባ። ለዚህ ሲል ስለ ከበሩ ድንጋዮች ትምህርት ወስዷል፤ አልማዝን ከመስታወት የማይለይ የአልማዝ ሌባ አንድ ሳምንትም አይቆይማ። ለጥቂት ወራት የታሰበው ሥራ እስከ 1981 ዘለቀ። አንባቢ የሚወደው ይህን ክፍል ነው፤ ድፍረቱን፣ የውሸት ስሙን፣ በየማታው የሚቀመጥበትን ቡና ቤት። እኔን የሚገርመኝ ግን በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቆሞ ያየውን ሁሉ በእውነተኛ ስሙ መናገር መቻሉ ነው። ተከላካይ ጠበቃው «አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ቢለው መልሱ ዝግጁ ነው፦ ተልኬ።

የመድኑን ምሳሌ ትንሽ ልግፋበት፤ ይሸከመኛል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ አረቦን፣ ማለትም መድን የገባ ሰው በየጊዜው የሚከፍለው ክፍያ፣ አለ። አረቦኑ ሪፖርት ነው። በየጊዜው የማይዘግብ መርማሪ ውሉ ይወድቅበታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያደርገው ሁሉ በራሱ ኪስ ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ውል የሚነዳ አለ። በካናዳ ፖሊሶች ገዢዎችን ለመያዝ ሲሉ ራሳቸው ሻጭ ሆነው ሐሺሽ አቀረቡ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ፖሊስ መሆን ብቻውን ከወንጀል ሕግ በላይ አያደርግም አለ። መኪናው የመንግሥት ነው፤ ሽፋኑ ግን አልተገዛም ነበር። ፓርላማው በ2001 ሕግ አውጥቶ ክፍተቱን ደፈነ። ብሪታንያም በ2021 ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ሕግ አውጥታለች፤ ብዙ ተተችቶበታል፣ እኔም በሁሉ አልስማማም፣ ግን ቢያንስ ወረቀቱ አለ።

ሦስተኛ፣ ውሉ የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፤ ትልቁ ማነሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በፖርቱጋል ሁለት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ሄሮይን ያገኝልናል ብለው ወደ አንድ ሰው ሄዱ። ሰውየው የወንጀል ሪከርድ የለውም፣ ቤቱም ዕፅ የለም። ጠየቁት፤ ከሌላ ሰው ቤት አመጣላቸው፤ ያዙት፤ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1998 ፖሊሶቹ ወንጀሉን ከመመርመር አልፈው እንዲፈጸም አድርገዋል፣ ሰውየውም ከመነሻው ፍትሐዊ ችሎት አላገኘም ሲል ወሰነ። እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማታለል ሁሉ ማነሳሳት አይደለም። ሊሸጥ የተዘጋጀውን ነጋዴ «ስንት ነው?» ማለትና የማያስበውን ሰው ሌሊት ቤቱ ሄዶ መወትወት ይለያያሉ። ዳኛ የሚደክመው ይህን መስመር ሲያሰምር ነው።

አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቤቱን ራሱ አቃጥሎ ካሳ የሚጠይቀው ደንበኛ። ይህ ሰው በታሪክ ውስጥ ስም አለው፤ ዬቭኖ አዜፍ። ጀርመን ሀገር ምህንድስና ሲማር እ.ኤ.አ. በ1893 ለሩሲያ የምሥጢር ፖሊስ በገዛ ፈቃዱ ጻፈ፤ በወር 50 ሩብል ተቆረጠለት። እያደገ ሄዶ መንግሥትን የሚዋጋው የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ የግድያ ክንፍ መሪ ሆነ፤ ለፖሊስም መዘገቡን ቀጠለ። በሐምሌ 1904 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፕሌቬ በቦምብ ሲገደል ግድያውን ያቀነባበረው አዜፍ ነበር። ምሥጢር ፖሊሱ የሚተዳደረው በዚያው በሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ስለነበር ሟቹ ለገዳዩ ደመወዝ ከፋይ ነበረ ማለት ነው።

ተከራካሪዬ ምሁር የሆነ ጀግና ከፈለገ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልስጠው። አዜፍን ያጋለጠው ቭላድሚር ቡርትሴቭ የሚባል፣ ፓሪስ ተቀምጦ የታሪክ መጽሔት የሚያዘጋጅ ስደተኛ ነው። ጢም አልለጠፈም፣ ስም አልቀየረም። ሥራው ማመሳከር ነበር፤ ማን መቼ ታሰረ፣ ማን መቼ አመለጠ፣ ያን ዕለት ማን የት ነበር። በመስከረም 1908 የቀድሞው የፖሊስ መምሪያ ኃላፊ ሎፑኺን ከኮሎኝ ወደ በርሊን በባቡር ሲጓዝ አገኘው። እፊቱ ተቀምጦ ያመሳከረውን አንድ በአንድ ይነግረው ጀመር። «ራስኪን» በሚል የምሥጢር ስም የሚጠራው ሰላይ አዜፍ ነው አለው፤ ስለ ግድያዎቹም ነገረው። ጉዞው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሎፑኺን ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ በርሊን ሲቃረቡ ራስኪን የሚባል አላውቅም፣ መሐንዲሱን አዜፍን ግን አግኝቼዋለሁ አለ። በቃ። አዜፍ በ1909 መጀመሪያ ከፓሪስ ሸሸ፤ ሎፑኺን ይህን በመናገሩ ተከስሶ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ቡርትሴቭ በእጁ የነበረው ሁሉ የታሪክ ሰው መሣሪያ ነው፤ በሽፋን ሥር ሠራ የሚለው ግን ማንም የለም።

ተከራካሪዬ እዚህ ላይ «መምህሩ እኮ በኋላ ለፖሊስ ነግሯል» ይለኝ ይሆናል። እሺ፤ ያኔ ጠቋሚ ሆነ። ጠቋሚ የተከበረ ቦታ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን እንጠብቅ ይላል። ሆኖም አዋጁ ጠቋሚውን ከበቀል ቢጠብቀው፣ ባስታወቀው ወንጀል ከመከሰስ ነጻ ሊያደርገው ቢችል እንኳ፣ ትናንት ለፈጸመው ነገር የኋሊት ፈቃድ አይጽፍለትም። የተቃጠለ መኪና ይዞ መጥቶ መድን ልግባ የሚል ሰው የትኛውም የመድን መስኮት ላይ አይስተናገድም።

ምሁራንም ወንጀለኞች መሀል ገብተው አያውቁም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስኮትላንዷ ግላስጎ አንድ ወጣት መምህር በተማሪው አማካይነት ከጎረምሶች ቡድን ጋር ለወራት ተቀላቅሎ ነበር። ጠቡ በጠናበት ጊዜ ትቶ ወጣ፤ ያየውን ያሳተመው ደግሞ ዓመታት ቆይቶ፣ በብዕር ስም ነው። ሰውየው ጭምብል ነበረው፣ መድን አልነበረውም፤ ይህንንም ያውቅ ነበር። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሪክ ስካርስ ደግሞ ማንነቱን እንኳ አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ1993 ስለሚያጠናቸው የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ለመርማሪ ችሎት ተናገር ሲባል፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ ብሎ እምቢ አለና 159 ቀን ታሰረ። ተመራማሪ ለመረጃ ሰጪው የሚገባው ቃል በሥነ ምግባር ደንብ ያምራል፤ ችሎት ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠበቃ ምሥጢር አይታይለትም። የእኛ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 443 እጅግ ከባድ የሆኑ ወንጀሎችን እያወቀ ያላስታወቀን ሰው ራሱን ይቀጣል።

መረጃ ካልኩ ዘንድ፦ መረጃና ማስረጃ አንድ አይደሉም። በየዜናው «መረጃ አለኝ፣ ከስሼ አስቀጣዋለሁ» የሚል ሰው ስሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ። መረጃ ያወቅኸው ነው፤ ማስረጃ ግን እንዴት እንዳወቅኸው ተጠይቆ የተረፈው ነው። የልብ ወለዱ መምህር በመጨረሻው ምዕራፍ ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፈው ሁሉ መረጃ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ ልብ ወለዱ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው የኢኮኖሚክስ መምህር ቢሮዬ መጣ። ስለ ኮንትሮባንድ ንግድ ሲያጠና ከደላሎች ጋር ተለማምዷል፤ ሰማያዊ ልባስ ያለው ባለ ሽቦ ደብተር ይዟል። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ዋጋ፣ የጭነት ቀን፣ የሚያልፉበት ኬላ፣ በቅጽል ስም የተጻፉ ሰዎች፤ ጽሕፈቱ እንደ ተማሪ ፈተና ወረቀት የተጣራ ነው። አንድ ገጽ ግርጌ ላይ በቀይ «ዛሬ አመኑኝ» የሚል ሰፍሯል።

«እንዴት አመኑህ?» አልኩት።

«አንድ ሻንጣ አደረስኩላቸው። አልከፈትኩትም።»

«እዚያ መሆንህን የሚያውቅ ማነው?»

ትንሽ አሰበና «ባለቤቴ» አለኝ።

ደብተሩን ዘግቼ መለስኩለት፤ ሌላ ቃል ከመናገሩም በፊት የአንድ ጥሩ የወንጀል ጠበቃ ስልክ ጽፌ ሰጠሁት።