የእህል ኮታ፣ ራሽንና አቤቱታ በጎንደር

በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ እህል እንደልብ መግዛትና መሸጥ አይቻልም ነበር። ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበው የእህል ኮታ አለበት። ነጋዴው ፈቃድ ይጠየቃል፣ ኬላ ላይ ይፈተሻል። ከተሜው የራሽን ካርዱን ይዞ ቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል።

ከዚያ በፊት የደንቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የወገራም ገብስ በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውን ገዥና ሻጭ ተከራክረው ይቆርጡታል።

ለውጡ የጀመረው በ1968 ነው። አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴን ካፒታል ገደበ፦ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለችርቻሮ 200 ሺህ ብር። ብዙም ሳይቆይ ለመንግሥት እህል የሚገዛው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮታው ተጠናከረ። ድርሻው ለገበሬ ማኅበሩ ይመደባል፣ ማኅበሩ በአባላቱ ላይ ይደለድላል። የመግዣ ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ለዓመታትም አልተነካም። ምርት ያልሰመረለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ከዚህ የባሰ ንግድ መቼም አይገኝም። በግል ነጋዴው ላይ የተጣለው ገደብ ግን በየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። ጎጃምና አርሲ ላይ እጅግ የጠበቀ ነበር። በሌሎች ቦታዎች ባለፈቃዱ ነጋዴ ከሰበሰበው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ለድርጅቱ እንዲሸጥ ይገደዳል። የተሰበሰበው እህል ለጦሩ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች ይሄዳል።

ጎንደሬ ሙግት ያውቃል። ፍትሐ ነገሥት ሲተረጎምበት የኖረ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ግን ሙግቱ መድረሻ አልነበረውም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መስከረም 1967 ታግዷል፤ ስለዚህ አዋጁን ከበላይ ሕግ ጋር አስተያይቶ የሚሽር ችሎት የለም። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ደግሞ ይግባኝ አልነበረውም። ታች ወርደን ስናይ ነገሩ ይብሳል። ራሽን የሚያድለው ቀበሌ የራሱ የፍርድ ሸንጎ ነበረው። ኮታ የሚደለድለው ገበሬ ማኅበርም እንዲሁ። አቤት ባዩ የሚከሰው ዞሮ ዞሮ ዳኛውን ነው። ለዚህም ይመስላል ሰው ሕጉን ከመሞገት ይልቅ «ኮታዬ ይቀነስልኝ» ብሎ ደጅ መጥናቱን ወይም ጆንያውን በሌሊት ማሳለፉን የመረጠው።

የ1980ው ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ የለወጠው ነገር የለም። ኮታውና የእህል ዝውውር እገዳው የተነሱት የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። ያነሳቸው የፖለቲካ ውሳኔ እንጂ የፍርድ ቤት ብይን አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 በመረጡት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሠማራት መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቁጥጥሩም ጨርሶ አልጠፋም። በ2003 የሸቀጦች ዋጋ ጣሪያ ተተምኖ በወራት ውስጥ ተነሣ። ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲታደሉ ኖረዋል፤ ይህን ራሽን ማለት አለማለት ያከራክራል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል።

ነጋዴ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መመሪያ ፍርድ ቤት እንዲከለስለት የሚጠይቅበት ግልጽ ሥርዓት የመጣው በ2012 በወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነው። አዋጁ የሚመለከተው ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ክልል ወይም ወረዳ ያቆመው የእህል ኬላ በዚህ አዋጅ አይነካም።